እማዬ፣ የዘር ቅልሽን ከፈትኩት

ለእማዬ ለተዋበች፤ ከልጅሽ ከይመር።

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከሄድሽ አስራ አንድ ወር ሆነ። ባለፈው ጥቅምት ነው የሄድሽው፣ ይሄው ጥቅምት ተመልሶ ሊመጣ ነው። እህቴ መሲ ለሙት ዓመትሽ ጌሾ እየወቀጠች ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ሳቂ እንግዲህ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ ጎሚስታ ቤት የገባ ልጅ ደብዳቤ ሲጽፍ! እጄ ክሪክ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ግን ይመር ያልቻለው ነገር የታለ? ይሄንንም እችለዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጓዳው በር ክረምት በመጣ ቁጥር እያበጠ አልዘጋ ሲልሽ ትረግሚው አልነበር? አሁን በሁለት ጣት ይዘጋል። በጋ ላይ ደርቆ ሳለ በተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ ቀባሁት። አንዴ እቀባና ቀናት አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እደግመዋለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ኮባ ላይ እንደወደቀ ውሃ እየተንከባለለ ወረደ። የዶማሽን እጀታም ቀባሁት፣ የሙቀጫሽን ዘነዘናም፣ የዚያን አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበርሽን እግርም። ወንበሩ አሁንም ይወላገዳል፣ ግን ያበራል። የሰፈራ አምባችን ሰው ቀለም ከየት አመጣህ ይለኛል። ቀለም አይደለም፣ ተልባ ነው እላለሁ ደረቴን ነፍቼ።

አንዷን ግን ልናዘዝልሽ። የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ ወርውሬ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ ጨርቁ ይጨሳል። ክብሪት የነካው የለም፣ ፀሐይም አልደረሰበትም። መሲ ሰይጣን ነው ብላ ጠበል ልትረጭ ስትሮጥ ነው የደረስኩት። በኋላ አናጢው ጎረቤታችን ሳቀብኝ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ይግላል፣ ከባሰም ይነዳል፣ ወይ ዘርግተህ ውጪ አድርቀው ወይ ውሃ ውስጥ ንከረው አለኝ። ይሄው አሁን ጨርቄን ሁሉ እንደ ሕፃን ልብስ አጥሩ ላይ አሰጣለሁ። ቤትሽን አቃጥዬ አንቺ ከመቃብር ተነስተሽ ስትመጪ ታየኝ እኮ።

መሲ ደህና ናት። ጎመኑን ከእሳት ካወረደች በኋላ ነው ዘይቱን ጠብ የምታደርግበት፣ አንቺ እንዳሳየሽን። እሳት ላይ አንጥደውም። ያን ቀን ሽንኩርት ልጠብስበት ብዬ ቤቱን በጭስ ሞልቼ፣ ምግቡ መርሮ፣ አንቺ ድስቱን ይዘሽ ለዶሮዎቹ ስትደፊው ዶሮዎቹ እንኳ ዞር ብለው ሄዱ። ያን ዕለት የሰደብሽኝን ስድብ ሁሉ አልጽፈውም፣ መሲ ታነበዋለች። ተረከዟ በሐምሌ ሲሰነጠቅም በዘይቱ ታሸዋለች፣ ፀጉሯንም ከመታጠቧ በፊት ትቀባዋለች። አንቺን ነው የምትመስለው፣ በተለይ ስትቆጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።

ማሽኑን የሠራሁ ጊዜ ታስታውሻለሽ? የጎሚስታ ቤቱ አለቃዬ የጣለውን የጭነት መኪና ክሪክ ለምኜ አመጣሁ። ብረት በየድኩ፣ የውሃ ቧንቧ ቆርጬ ጎኑን በስቼ ማሰሮ የሚመስል ነገር አወጣሁ። ማንም አላስተማረኝም። መንዲ ሄዶ ማሽን ያየ ሰው እንዲህ እንዲህ ነው ሲል ሰማሁ፣ ጨረስኩት። አንቺ ደጃፍ ላይ ቆመሽ እጅሽን አጣምረሽ፣ መኪና የሚያነሳ ብረት ምን ተልባ ያውቃል ትይኝ ነበር። ተልባውን አንቺ ለብ አደረግሽው፣ አንቺ ወቀጥሽው፣ እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ከተትኩት። ከዚያ ክሪኩን መታሁ፣ መታሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ብረቱ ጮኸ። ቀጥሎ ጠብ አለ። እንደ ማር ወርቅ የሚመስል ነገር። ጣትሽን ነከር አድርገሽ ቀመስሽ። ሌላ ጣት ደግሞ ነከርሽ። እንደጣመሽ በዚያ ነው ያወቅኩት።

ተጨምቆ የቀረውን ፋጉሎ ለጎረቤት ላም ሰጠሽ፣ ዘይቱን በብልቃጥ አድርገሽ ጨለማ ውስጥ ከውሃ እንስራው ጀርባ አስቀመጥሽ። ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት አይወድም፣ ትንሽ ትንሽ ጭመቅ፣ ቶሎ ይበላ አልሽኝ። እኔ ግን ሰማሁ? በነጭ የውሃ ፕላስቲክ ሞልቼ መንገድ ዳር በአሶሳ ፀሐይ ደረደርኩት፣ ወርቅነቱ ይታይ ብዬ። በሳምንቱ ሰዎች ይዘውት ተመለሱ፤ የቀለም ሽታ አለው፣ ይመራል አሉ። እኔ ደግሞ አፋችሁ ነው የሚመረው አልኳቸው። አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ለሁሉም በአዲስ ቀየርሽላቸው። ከዚያ ወዲህ ነው በጥቁር ፌስታል መጠቅለል የጀመርኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን የራሴ ፈጠራ ነው እላለሁ። ይሄንንም ይቅር በይኝ።

ያኔ ገና ሲጀመር ተረት ተረትሽብኝ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ አልሽ። ገበያ ላይ ትያለሽ፣ ቤት ትያለሽ፣ አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ትያለሽ። እኔም እየሳቅኩ ማሽኔ ሙቀጫ አይደለም እል ነበር። አየሽ፣ ሁሌ መልስ አለኝ።

ከዚያ ያ ገበያ ቀን መጣ። ይሄን ቀን አንቺ አትረሽውም፣ እኔም አልረሳውም።

ላሜራ ቆርጬ ታፔላ አጽፌ ነበር፤ የይመር የተልባ ዘይት፣ ግፊት ያጠፋል፣ ስኳር ያጠፋል፣ ልብ ያድሳል ይላል። ማን ነገረህ ብትይኝ ማንም። ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ቀሪውን አፌ ሞላው። አንድ ከባምባሲ የመጣ ሰውዬ ታፔላውን አንብቦ አንብቦ፣ እሺ ማን ዳነበት አለኝ። እኔ ምን አደርጋለሁ? ዞር ስል አንቺ ከተልባ ጆንያሽ ኋላ ተቀምጠሻል፣ ከጎንሽ ጓደኛሽ ሐዋ ከደረቀ ባሚያዋ ጋር። እጄን ዘረጋሁ። ይቺውና እናቴ አልኩ። ግፊት ገሎ ሊጥላት ነበር፣ ዘይቴን ጠጥታ ክኒኗን ከወረወረች ቆይታለች፣ ተመልከታት አልኩ። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየሽ።

አንቺ እኔን አየሽ። ሰውዬውን አየሽ። ሻሽሽን አጠበቅሽ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልሽ። ያን ብቻ። ሰውዬው ሁለት ብልቃጥ ይዞ ሄደ። እኔ በደስታ ልፈነዳ! ማታ ቤት ስንገባ አፍህ ከክሪክህ ይበልጣል አልሽኝ። እኔ እንደ ምርቃት ነው የወሰድኩት። አሁን ሳስበው፣ አዎ ጥያለሁ አላልሽም። ደህና ነኝ ነው ያልሽው። አንቺ አልዋሸሽም። በሰው ፊት ልጅሽን ላለማዋረድ እውነቱን ዋጥሽው እንጂ።

ከዚያ በኋላማ በቃ። ገበያ በመጣ ቁጥር አንቺን እጠቁማለሁ። ከሐዋ ጋር በየወሩ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ትሄዱ ነበር፣ እሷም ግፊት አለባት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አብራችሁ መሄድ ቀረ። እኔ ደግሞ እውነትም ክኒኑን ጥላለች ብዬ አመንኩ። በራሴ ውሸት ራሴ ተታለልኩ እኮ እማዬ! ሐዋ ብቻዋን ስትሄድ አንቺንም እንሂድ ስትልሽ፣ አንቺ ውሰጂ፣ የኔን ተይው ትያት እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ለሐዋ ለምን እውነቱን እንዳልነገርሽ ገባኝ። ሐዋ ልቧ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን መስጊድ ላይ ያለ ማይክራፎን ነው።

ጥቅምት ላይ ወባ ያዘሽ። በሦስተኛው ቀን ነው ሆስፒታል የወሰድኩሽ። ነርሷ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ የለም፣ ክኒን ካቆመች ቆይታለች አልኳት። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ትንሽ ቆይተሽ ነርሷን በጣትሽ ጠርተሽ በጆሮዋ አንድ ነገር አልሻት። ውሃ የጠየቅሽ መሰለኝ። ውሃ ላመጣ ሮጬ ወጣሁ። በማግስቱ አረፍሽ።

ወባ ነው አሉ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ፣ ሐኪሙም ወባ ነው አለ። እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ልቤ ሌላ ይለኛል። ክኒኗን ያስጣልካት አንተ ነህ፣ አቅም ያሳጣሃት አንተ ነህ ይለኛል። ለመሲም አልነገርኳትም። ለማንም። ስምንት ወር ሙሉ ይሄን ይዤ ዞርኩ። ሰው ሲያዝን ዝም ይላል አይደል? እኔ ባሰብኝ። ገበያ ላይ እንደ በፊቱ አልጮህኩም፣ ከበፊቱ ይበልጥ ጮህኩ። እናቴ በዘይቴ ደህና ሆና ኖራ ወባ ነው የወሰደብኝ እያልኩ። ዝም ካልኩ ሰው የሚያውቅብኝ መሰለኝ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ያዘ። መሲ፣ የእማዬ መደብ ሳይዘራ ሊቀር ነው አለችኝ። ከጓሮ ያለችው ያንቺ መደብ። እናትሽ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲያመጧቸው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ተልባ ዘር ነው ብለሽ ነግረሽናል፤ አንቺ ያኔ ሕፃን ሆነሽ በጭነት መኪና ተጭነሽ። ቆላው ብዙም አይስማማው፣ አጭር ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ አንቺ ግን ዘርቶ መተካት እንጂ ማብዛት አይደለም ነገሩ ትይ ነበር። የዘሩ ቅል ደግሞ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ማንም አይነካውም። ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ፣ ርሃብ ቢገባ፣ ዘር አይበላም። አያቴ በመንገድ ላይ ርቧት እንኳ ያን ቋጠሮ አልፈታችውም ትይን ነበር። እኔ በሕይወቴ ያልደፈርኩት ነገር ቢኖር ያ ቅል ነው።

አወረድኩት። ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። ተልባው እንደ ልማዱ ተንሸራቶ ፈሰሰ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ነገር ዱብ አለ። በቀይ ክር የታሰረ ጥቅል። ፈታሁት። የክኒን ማሸጊያ ነው። የብር ቀለም ያለው፣ የተጨመቀ፣ ባዶ ባዶው። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። የመጨረሻው ግማሹ አልተነካም። ከሥሩ የቀጠሮ ካርድሽ፣ ወር በወር ምልክት ተደርጎበት፣ እስከ መስከረም ድረስ። ከመታመምሽ ጥቂት ቀን በፊት እንኳ ሄደሻል። እኔን ገበያ ላይ ትተሽኝ፣ ጨው ልግዛ ብለሽ።

አለቀስኩ አልልሽም። የተልባ ገለባ ዓይኔ ውስጥ ገባ በይው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ እፎይታ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ። አልገደልኳትም አልኩ። ነርሷን በጣትሽ የጠራሻት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፣ ውሃ አልነበረም። ስምንት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠ ክሪክ ተነሳልኝ። ቀጥሎ ደግሞ ወዲያው ሌላው መጣ። እንግዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ምን ነበር? ይቺውና እናቴ ያልኩት ሁሉ? ዘይቱንም ጠጥተሻል፣ ክኒኑንም ውጠሻል። ከቁርስ በፊት አንድ ማንኪያ ዘይት ስትጠጪ እያየሁ የምኮራው፣ ማንኪያውን ካስቀመጥሽ በኋላ ጓዳ ገብተሽ የምትውጪውን ሳላይ ነው። የዘር ቅል ውስጥ የደበቅሽው ደግሞ እኔን ስለምታውቂኝ ነው። ይሄ ልጅ ሁሉን ይነካል፣ ይሄን ግን አይነካም ብለሽ። በቤታችን ከኔ አፍ የሚጠበቅ ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ዝም ብዬ ልቀጥል ብዬ ነበር፣ አልዋሽሽም። ጥቅሉን እሳት ውስጥ እከተዋለሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ። አንቺም ሳትናገሪ ነው የሄድሽው አልኩ። ያን ሳምንት ገበያ ወጣሁ። ሐዋ ባሚያ እየሰፈረች ድንገት ጣሳውን ለቀቀችው። ግንባሯን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ሮጬ ሄጄ ምን ሆንሽ፣ ክኒንሽን አልወሰድሽም እንዴ አልኳት። ሳቀችብኝ። አፍ መፍቻዋ በርታኛ አይደል፣ እንደ ልማዷ እኔን አንቺ፣ አንቺን እሱ እያለች ነው የምታወራው፣ ታውቂያታለሽ። ክኒን ትቻለሁ አለች። ጓደኛዬ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ጤና ጣቢያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ፣ እሱ የጠጣውን እጠጣለሁ፣ ይሄው ያንቺ ዘይት አለኝ አለች። ብልቃጡን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ። በየሳምንቱ እኔ ራሴ በነፃ የምሰጣት ብልቃጥ ነው። ለእናቴ ጓደኛ ብዬ፣ እየኮራሁ።

እማዬ፣ አንቺን አልገደልኩም ብዬ እፎይ ካልኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም።

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። እማዬ ክኒኗን አልጣለችም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት አልኳት። ሐዋ ፊቷ ተለወጠ። አንቺ ልጅ አታፍሪም ወይ አለችኝ። እናትሽ አፈር ውስጥ ገብቷል፣ አሁን ስሙን ታጠፊያለሽ? ጓደኛዬ ከኔ ምንም አይደብቅም ወላሂ! አለች። ስለምናት አልሰማም አለች። በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ውሸት ከሆነ ለምን በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ አለችኝ፤ ስትሸጪ ጮክ ብለሽ ነበር፣ እውነቱንም ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ያኔ አምናለሁ አለች።

ምን ልበላት? ትክክል ናት እኮ።

የቲማቲም ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበት። ጥቅሉን በእጄ ይዤ። እንደ ሁልጊዜው ስሙኝ ብዬ ጮህኩ፣ ሰው ዞረ፣ አዲስ ዘይት አወጣ ብለው። እናቴ በዘይቴ ዳነች ያልኳችሁ ውሸት ነው አልኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ክኒኗን ትውጥ ነበር፣ ይሄው ማሸጊያው፣ እኔ ሳላውቅ፣ እኔ እንዳላፍር ብላ ደብቃ አልኩ። ክኒን ያቆመ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ አልኩ። ከዚያ አንዱ ተሸካሚ፣ ዛሬ ዘይቱ አሰከረው መሰለኝ ብሎ ጮኸ፣ ገበያው በሳቅ አለቀ። አንዲት ሴትዮ ከወዲያ ሆና፣ ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ብላ ተረተችብኝ። በአንቺ ድምፅ የሰማሁት መሰለኝ። ማሽኔ ሙቀጫ አይደለም ማለቱን ትቼ መውረድ ጀመርኩ።

ሐዋ አልሳቀችም። ከሳጥኑ ስወርድ ጥቅሉን ከእጄ ወሰደችው። ማሸጊያውን አላየችም። ክሩን ነው ያየችው። ባሚያዋን የምታስርበት ቀይ ክር ነው፣ ለምን እንደፈለግሽው ሳትነግሪያት ቆርጠሽ ወስደሽባታል። ይሄ የኔ ክር ነው አለች። ተቀመጠች። በርታኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ ስድብ ይሁን ዱዓ አላውቅም፣ ሁለቱም ይመስለኛል። ከዚያ በአማርኛ፣ ከኔ ደበቀ አለች፣ በኔ ክር አስሮ ከኔ ደበቀ! እያለች እያለቀሰች ሳቀች። ጣሳዋን አነሳሁ፣ ባጃጅ ጠራሁ፣ እንሂድ አልኳት። ሄደች።

ጤና ጣቢያ ባለሙያዋ ሁለቴ ለካቻት። ፊቷ ኮስተር አለ። ክኒኑን አስጀመረቻትና እኔን ገብተህ ስማ አለችኝ። የተልባ ዘይት መጥፎ አይደለም አለች፤ ለልብ የሚስማማ ጥሩ ስብ አለው፣ ኦሜጋ የሚሉት፣ በምግብ ላይ አንድ ማንኪያ ቢጨመር ይጠቅማል፣ ሆድ ለሚደርቅበት ደግሞ የተወቀጠ ተልባ በብዙ ውሃ ይረዳል፣ ግን ክኒን አይተካም አለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ አለችኝ። አንቺ ስትነግሪኝ የኖርሽው ይሄው አይደል? ተልባ ምግብ ነው ትይ ነበር፤ ምግብ ደግሞ የምግብን ያህል ነው የሚረዳው። አንቺ ስትይው ተረት መሰለኝ፣ በነጭ ጋዋን ሲሆን ገባኝ።

ሐዋ ደህና ናት። ክኒኗን ትወስዳለች። በየወሩ አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሰልፉ ላይ በአንቺ ቦታ ቆሜ። ሴቶቹ ይስቁብኛል፣ አንተም ግፊት ያዘህ ወይ እያሉ። የያዘኝ ሌላ ነው እላቸዋለሁ። ዘይቱንም አልተወችም፤ የባሚያ ወጧ ላይ ከወረደ በኋላ ጠብ ታደርግበታለች። ስታኮርፍ ስታኮርፍ ግን አንቺን ነው የምትሰድበው እንጂ እኔን አይደለም። ያ ሌባ ጓደኛዬ፣ ክሬን ሰርቆ ትልሻለች።

ታፔላውን አወረድኩት። ላሜራውን ገልብጬ በጀርባው በራሴ እጅ ጻፍኩበት፣ ፊደሉ ትንሽ ተጣሟል። የተልባ ዘይት፣ ለምግብ፣ ለቆዳ፣ ለእንጨት፣ ክኒን አያስጥልም ይላል። አንዳንዱ ክኒን አያስጥልም የሚለውን አንብቦ ታዲያ ምን ያደርጋል ብሎ ይሄዳል። ይሂድ። ገዢ ቀንሷል፣ አልደብቅሽም። ግን አናጢዎቹ አልተውኝም፣ ወደ ግድቡ የሚያልፉት ሾፌሮች እጃቸው ሲሰነጠቅ ይገዙኛል፣ የጾም ሰሞን ደግሞ እናቶቹ ይመጣሉ። ዘይቴን እንደሆነ ከአሶሳ እስከ ጉባ የሚስተካከለው የለም! ይሄ ጉራ አይደለም፣ አንቺ ሁለት ጣት ነክረሽበታል።

ዘርሽን ዘራሁት። በእጄ በተንኩት፣ በቀጭኑ፣ አንቺ እንደምትበትኚው። አሁን አብቧል። ጠዋት ስወጣ መደቡ ሰማይ የወረደበት ይመስላል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰማያዊው ይረግፋል፣ በማግስቱ ሌላ ይከፈታል። ሲበስል መጀመሪያ ቅሉን ሞልቼ እሰቅላለሁ፣ የተረፈውን ነው የምጨምቀው። ማሸጊያሽን ጣልኩት። ካርድሽን መሲ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው። ቀዩን ክር ግን የቅሉ አንገት ላይ አስሬዋለሁ። ሐዋ መልሱልኝ ብላ ነበር፣ አየችውና ተወችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስምሽን ገበያ ላይ ጠራሁት እማዬ። ይቺውና እናቴ እያልኩ። ሁሌም ዘይት ልሸጥበት ነበር። ሙት ዓመትሽ ቀን ሰው ሲሰበሰብ ቆሜ ስለአንቺ እናገራለሁ፣ መሲ አፍህን ጠብቅ ብላኛለች፣ እጠብቃለሁ። ተዋበች የምትባል እናት ነበረችኝ እላለሁ። የልጇን ውሸት ሰው ፊት ያልጣለች፣ ራሷን ደግሞ ለልጇ ውሸት ያልጣለች እላለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ምንም የምሸጠው ነገር አልይዝም።

ልጅሽ ይመር